ፖለቲካና ኮረንቲ

«ቲቸርን ጠይቁ» የአንባቢያን ዓምድ ነው። መልስ የሚሰጡት 36 ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው።

ጥያቄ

ውድ ቲቸር፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። 20 ዓመቴ ነው። ከግቢያችን በር እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ መብራት አልነበረውም። ማታ ከላይብረሪ ሲመለሱ ሁለት ልጆች ስልካቸውን ተነጠቁ። እኔና አራት ጓደኞቼ ማመልከቻ ጻፍን፣ ፊርማ አሰባሰብን፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። በወር ተኩሉ አምፖሎቹ ተተከሉ። እንደዚያን ማታ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ግሩፑ ግን አልተዘጋም። አሁን 600 ሰው አለበት። የማላውቃቸው ልጆች አድሚን ሆነዋል። ስለ መብራት የሚያነሳ የለም፣ ወሬው ሁሉ ስለ አገር ነው። አንዳንዱ ልክ ነው፣ እኔንም ያናድደኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ከአድሚኖቹ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የዶርማችንን ልጆች ስም፣ ከየት እንደመጡና «አቋማቸውን» ጽፌ እንድልክለት ጠየቀኝ። «አጻጻፍሽ ቆንጆ ነው፣ ጸሐፊያችን ትሆኛለሽ» አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።

ለእናቴ ብነግራት አለቀሰች። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው» አለችኝ። ቀጥላም በጡቴ ይዤሻለሁ አለች። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አፍሮ ያበጠረ ልጅ ፎቶ አለ። የአያቴ ወንድም ነው። በቀይ ሽብር ሞተ ይባላል። ከዚህ በላይ የሚነግረኝ የለም። ቲቸር፣ ልውጣ? ከወጣሁስ ፈሪ ነኝ?

ስሜን አታውጡብኝ

መልስ

ልጄ፣ እናትሽ ያለችውን እኔም ለልጆቼ ብያለሁ። ኮረንቲን በሩቁ እያልን ግን ማታ ማታ አምፖል እናበራለን። አንቺ ደግሞ አምፖል አስተክለሻል። ስለዚህ ገና ልግባ አልግባ እያልሽ አይደለም። ገብተሻል። ጥያቄው አሁን ያለሽበት ቦታ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል።

በ1967 ዓ.ም. 17 ዓመቴ ነበር፣ 11ኛ ክፍል። መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ። ታኅሣሥ ላይ እኛ ካኪ ለበስን። የእድገት በሕብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ይባላል። ከ11ኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪና መምህር፣ ወደ 60 ሺህ ሰው፣ ገጠር ለገጠር ተበተነ። እኔን ወላይታ ደረሰኝ። ከሶዶ ወዲያ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ። እናቴ በሶና የጸሎት መጽሐፍ ሸክፋልኝ ነበር። በሶው ሶዶ ሳይደርስ አለቀ።

የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ተነገረ። አስቢው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በየካቲት 1957 ነው። ልክ 10 ዓመት! ያኔ እኔ ፊደል እቆጥር ነበር። አሁን ያንን መፈክር ይዤ ገበሬ ፊት ልቆም ነው። አገር የኔ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ፊውዳሊዝም፣ ቢሮክራቲክ ካፒታሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ አንዱም አልቀረኝም። አስተርጓሚያችን በአካባቢው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነበር። ጨርሼ ስቀመጥ ተነሳና አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ምን አልካቸው ብዬ ጠየቅሁት። «መሬቱ የናንተ ሆነ ትላለች፤ ሌላውን እሷም አታውቀውም፣ አልኳቸው» አለኝ።

ለሁለት ቀን አኮረፍኩት። ልክ ነበር እኮ።

ሌላም አለ። የገበሬ ማኅበሩን አመራር ለማስመረጥ ቀን ቆረጥን። ማንም አልመጣም። እኛ ቁጭ ብለን «አድኃሪያን ቀስቅሰዋቸው ነው» ብለን ሪፖርት ጻፍን። አንድ ሽማግሌ በአጠገባችን ሲያልፉ ካስተርጓሚው ጋር ቆመው አወሩ። «ልጆቹ የሚጠብቁት ማንን ነው? ዛሬ እኮ ገበያ ነው» ነው ያሉት። ሪፖርቱን ቀደድነው። ብዙ ጣቢያ ግን ያልተቀደደ ሪፖርት ነበር፣ በኋላ ሰው ያሰረ።

ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ጀመርን። ደብተር ላይ የሥራ ዝርዝር ነበረን። አንድ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር ይያዝ ይላል አዋጁ። እኛ በገመድ ለመለካት ስንንደፋደፍ ገበሬዎቹ ከዚያች ወንዝ እስከዚያች ዋርካ ብለው ጨረሱት። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም የሚለውን ስናነብላቸው አንዷ ሴት «አስር ይቅርና ግማሽ ስጡኝ» አለችኝ። ለሷ ሲለካላት ቆሜ አይቻለሁ። ገመዱን ከወዲያ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። 68 ዓመቴ ነው፣ አሁንም ሳስበው ደረቴ ይሞላል።

ስለዚህ ወጣት ፖለቲካ ውስጥ አይግባ ብዬ አልነግርሽም። ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን ሁለተኛው ደብተር። በ1968 አዲስ አበባ ተመለስኩ። አንድ የጥናት ክበብ ውስጥ ገባሁ። ህዋስ ነበር የምንለው። አምስት ነበርን። የምጠራበት ሌላ ስም ነበረኝ። መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ እናነባለን፣ ወረቀት እንበትናለን፣ እንከራከራለን። ሁለት የግራ ድርጅቶች ነበሩ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ይላል። መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ፣ እየተቸን እንደግፈው ይላል። ክፍል ውስጥ ይህን ልዩነት ሳስረዳ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። በዚህች አምስት ደቂቃ ምክንያት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ልጆች ተጋደሉ።

እንዴት እዚያ ደረስን ካልሽኝ፣ እኔ የማውቀው በዝርዝር ነው። ደብተሩ ላይ የሚሠራ ነገር መጻፉ ቀረና የሰው ስም መጻፍ ተጀመረ። እገሌ ምን አለ? እገሊት ከማን ጋር ታየች? የኛ ወገን ይጽፋል። የእነሱም ወገን ይጽፋል። ቀበሌው ይጽፋል። እኔም ሁለት ስም ጽፌ ሰጥቻለሁ። ሁለቱም በሕይወት ተርፈዋል፣ አንደኛዋን ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ። አልነገርኳትም። ይህንን ዓምድ ታነብ እንደሆነ አላውቅም።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ የጠላት ደም ነው እያለ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ሲከሰክስ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። በ12ኛው ቀን፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፍ የወጡ ልጆች በጅምላ ተገደሉ። የወንበር ጓደኛዬ ያን ማታ ወጣች። አልተመለሰችም። 18 ዓመቷ ነበር። እናቷ አምርራ ማልቀስ አልተፈቀደላትም። የአያትሽ ወንድም ቤትም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ዝምታው ከዚያ የመጣ ነው፣ ልጄ። እኔ የተረፍኩት እናቴ የደበቅሁትን ወረቀት ከዱቄት ዕቃ ውስጥ አውጥታ በሌሊት ስላቃጠለችው ነው። እንጀራ ጋግራበታለች። ፍተሻው መምጣቱን ማን እንደነገራት ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ያንቺ ነገር። ያ ልጅ የጠየቀሽ የስም ዝርዝር ነው። ከመብራት ተነስቶ ሦስት ወር ሳይሞላው እዚህ ደረሰ ማለት ፈጣን ነው፣ ከኛም ይፈጥናል። አትላኪለት። አትሟገቺውም። «አይመቸኝም» ብለሽ ውጪ። ለምን ብሎ ከጠየቀ ፈተና አለብኝ በይው፣ ይህቺ ውሸት አታስኮንንም። አብረውሽ ለጀመሩት አራት ጓደኞችሽ ግን በአካል ንገሪያቸው። በስልክ አይሁን። ለዶርም ልጆችም እንደዚሁ። ስማቸው እየተፈለገ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።

ፈሪ ነሽ ወይ? አምስቱ የመብራት ልጆች ተመልሳችሁ ሌላ ነገር ጀምሩ። ውኃ ይሆናል፣ የላይብረሪ ሰዓት ይሆናል። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ ድርጅት ለማቋቋም ሁለት ሰው ይበቃል ይላል። እናንተ አምስት ናችሁ። በ18 ዓመት መምረጥ ትችያለሽ፣ በ21 መወዳደርም። ሰላማዊ ሰልፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተጽፏል። የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው የሚለው። ወረቀት ላይ ቀላል ነው፣ አዎ። ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ቀሪውን ይነግርሻል። ቢሆንም ሕጉን የምታውቅ ልጅና የማታውቅ ልጅ ኃላፊ ፊት እኩል አይታዩም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሴት ስለሆንሽ። «ጸሐፊያችን ትሆኛለሽ» የሚለውን እኔም ሰምቼዋለሁ። በኛ ህዋስ ወንዶቹ የፖለቲካ መስመር ይተነትናሉ፣ እኔ እገለብጣለሁ፣ ሻይም አፈላለሁ። ከኛ በፊትም እንዲሁ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተራማጅ ነን ያሉ ወንዶች ኢምፔሪያሊዝምን ሊቃወሙ ወጥተው የተዋከቡት ሴቶቹ ናቸው። የምትገቢበት ቦታ ሁሉ ስብሰባውን የሚመራው ማን፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን እንደሆነ እዪ።

እናትሽን ደግሞ አትሽሻት። በጡቴ ያለች እናት መሐላውን ራሷ ካላነሳችልሽ እንቅልፍ አይወስድሽም። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። አዲስ አበባ ስትመጡ ይዘሻት ግቢ። ግድግዳው ፎቶ ብቻ ነው፣ አፍሮ በአፍሮ። እዚያ ቆማችሁ ስለ ፖለቲካ አትጠይቂያት። ያ ሳሎናችሁ ያለው ልጅ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቂያት።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። የምኖረው ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነት ገና ነኝ። ኡበር እነዳለሁ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ለከተማው ምርጫ ተመዝግቤያለሁ፣ አባዬ ማንን ልምረጥ ይለኛል። 16 ዓመት ምን ምርጫ አለው ብዬ ተቆጣሁት። ትምህርቱን ትቶ ፖለቲካ ውስጥ እንዳይገባብኝ እፈራለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ በዕድሜዬ አንድም ቀን መርጬ አላውቅም። ምን ልበለው?

መልስ

ወንድሜ፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም። ታኮማ ፓርክ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለከተማ ምርጫ ዕድሜውን ወደ 16 አወረደች። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። እህቴ እዚያ 20 ዓመት ስለኖረች ነው የማውቀው፣ ሊቅ ሆኜ እንዳይመስልዎት።

የሚገርምዎት ግን ሌላው ነው። እርስዎም መምረጥ ይችላሉ። ያቺ ከተማ ዜግነት የሌለው ነዋሪም ከንቲባውንና የምክር ቤት አባሉን እንዲመርጥ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፈቅዳለች። ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለእርስዎ የተፈቀደው የከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። የሚመዘገቡትም በከተማው ጽሕፈት ቤት በኩል፣ ዜጋ ላልሆኑ በተለየው መዝገብ ነው። የአገሪቱን ወይም የግዛቱን ምርጫ ፎርም እንዳይነኩ። ዜጋ ሳይሆኑ ፕሬዚዳንት ልምረጥ ያለ ሰው ከአገር እስከ መባረር ይደርስበታል። ከልጅዎ ጋር በአካል ሄደው፣ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ ብለው፣ ጸሐፊዋን ጠይቀው ይመዝገቡ።

(ከላይ የስም ዝርዝር ስረግም ቆየሁ። ይህኛው መዝገብ ላይ ግን ሰው ስሙን በገዛ እጁ ነው የሚያስገባው።)

ማንን ልምረጥ ላለዎት፣ አይንገሩት። እንዴት እንደሚመረጥ እሱ ያስተምርዎት። እዚያ ድምፅ የሚሰጠው በደረጃ ነው። አንደኛ የምፈልገው እገሌ፣ እሱ ካልሆነ እገሊት እየተባለ ይሞላል። እርስዎ ደግሞ የሚከራየውን ሰው ነገር ያስረዱት። ያቺ ከተማ የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ አላት። በየዓመቱ ኪራይዎ ስንት እንደጨመረ ወረቀቱን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉለት። ለየትኛው ተወዳዳሪ ያ ወረቀት ግድ እንደሚሰጠው አብራችሁ ፈልጉ። ልጁ ትምህርቱን የሚተው አይመስለኝም። ይህም እኮ የሒሳብ የቤት ሥራ ነው።

በሕይወቴ መርጬ አላውቅም ያሉት ሆዴን ነካው። እኔ ግንቦት 7 ቀን 1997 ሌሊት 11 ሰዓት ተሰልፌ፣ የመረጥኩት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከኋላዬ የነበሩ እናት ዱካ ይዘው መጥተው ነበር፣ ተራ በተራ ተቀመጥንበት። የዚያን ዓመት ቀሪው ታሪክ መራራ ነው። ያቺ ዱካ ግን አትረሳኝም።

ጥያቄ

ቲቸር፣ በማኔጅመንት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራ የለኝም። የሰፈራችን ሰዎች የአንድ ፓርቲ ወጣት ሊግ ግባ፣ ብድርም ሼድም ታገኛለህ ይሉኛል። ፖለቲካው አይገባኝም፣ አልወደውምም። ግን ርቦኛል። ልግባ?

መልስ

ሲርብህ ምን አድርግ እንደምልህ አላውቅም። የጡረታ አበሌን አስቤ ሌላውን ሰው እንጀራህን ተው ማለት ይከብደኛል። ብድሩ የዜጋ መብት ነው፣ የአባል ስጦታ መሆን አልነበረበትም። ይህን አንተም ታውቃለህ። ሳትገባ መጀመሪያ በራስህ ስም አመልክት። አልተሰጠህም እንጂ አልተከለከልክ ይሆናል። ማመልከቻህን አስፈርመህ ኮፒውን ያዝ።

ከገባህ ደግሞ ምን እንደሆንክ ለራስህ አትዋሽ። ሥራ ፈላጊ ነህ። አንድ ቀን ግን የሰፈሩን ሰው ስም ጽፈህ አምጣ ይሉህ ይሆናል። ያኔ እስክሪብቶዬ አልቋል በላቸው።

ቃል የገባሁት ነገር ነበር። በ1969 በኛ ቀበሌ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። አብዮት ጠባቂ ሆኖ ገባ። ለምን እንደገባ ሰፈሩ ያውቃል። ስኳር ጠፍቶ ነበር፣ የቀበሌ ሱቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእነሱ ነው። እናቱ ሻይ እየሸጠች ነበር የምታሳድጋቸው። እኛ ተማሪዎቹ «ባለስኳሩ» እያልን እንስቅበት ነበር።

አንድ ሌሊት በጓሮ በኩል መጥቶ መስኮት ቆረቆረ። እናቴ ከፈተችለት። «እማማ፣ ነገ ጠዋት በዚህ በኩል ነው የሚገቡት። የልጅቱ ስም አለ» አላት። እናቴ እየተንቀጠቀጠች ሻይ ቀዳችለት። ስኳር የለኝም ልጄ፣ ይቅርታ አለችው። ከካኪው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣ። ሁለት ማንኪያ ለራሱ ጨመረ። የቀረውን እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።